መሬት ላይ ቆሞ ማብረር

በሬዲዮ የሚታዘዝ ሞዴል አውሮፕላን ማብረር በአንድ በኩል የእጅ ሙያ፣ በሌላ በኩል ስፖርት የሆነ፣ ከአቪዬሽን ታሪክ ጋር አብሮ ያደገ የትርፍ ጊዜ መዝናኛ ነው። ሞዴል አውሮፕላን ሲባል እንደ ትልቁ አውሮፕላን ክንፍና ጭራ ያለው፣ በአብዛኛው በሞተርና በፕሮፔለር የሚጎተት፣ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲለካ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር የሚደርስ፣ ሰው የማይሳፈርበት አነስተኛ በራሪ ማለት ሲሆን፣ አብራሪው መሬት ላይ ቆሞ በእጁ በያዘው የሬዲዮ ማስተላለፊያ ያዝዘዋል። በሰርግና በበዓል ላይ ቪዲዮ ሲቀርጽ የሚታየው ባለ አራት ፕሮፔለር ድሮን የዚሁ ቤተሰብ አባል ቢሆንም ጠባዩ የተለየ ነው፤ የድሮኑ ባለቤት ጣቶቹን ከመሪው ላይ ቢያነሣ በውስጡ ያለው ኮምፒዩተር ድሮኑን ባለበት ቦታ አንሳፍፎ ያቆየዋል፣ ባለ ክንፉ ሞዴል ግን ወደ ፊት መሄዱን ካቋረጠ ክንፉን የሚሸከም አየር ስለማይኖር አንድ ቦታ ላይ ቆሞ መጠበቅ አይሆንለትም። ድሮን በአብዛኛው የሚፈለገው ለሚሸከመው ካሜራ ነው፤ ሞዴል አውሮፕላን ግን የሚፈለገው ለማብረሩ ለራሱ ነው።

የመዝናኛው ጣዕምም ችግርም ከአንድ ነገር ይመነጫል፤ እርሱም አብራሪው ከሚያበርረው አውሮፕላን ውጭ መሆኑ ነው። የመንገደኞች አውሮፕላን አብራሪ አውሮፕላኑ ሲያዘነብል በመቀመጫው ላይ ይሰማዋል፣ ፍጥነቱንና ከፍታውን ከፊቱ ካሉት መሣሪያዎች ያነባል፣ ግራው የአውሮፕላኑ ግራ፣ ቀኙም የአውሮፕላኑ ቀኝ ነው። የሞዴል አብራሪ ከእነዚህ ሁሉ አንዱም የለውም፤ ያለው ዓይኑና የሞተሩን ድምፅ የሚያዳምጥበት ጆሮው ብቻ ስለሆነ፣ ፍጥነትን ሳይለካ መገመት፣ የአውሮፕላኑን ዝንባሌ ከርቀት በሚታየው ቅርጽ ብቻ መለየት፣ የነፋሱን አቅጣጫም በፊቱ ቆዳ ማወቅ ይኖርበታል። በትልቅ አውሮፕላን ላይ ብዙ ሰዓት ያሳለፈ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሞዴል ሲይዝ እንደ ማንኛውም ጀማሪ የሚደናገረው የበረራ ሕግ ጠፍቶበት ሳይሆን መቀመጫው ጠፍቶበት ነው።

ከሁሉ በፊት የሚያስቸግረው የግራና የቀኝ መገላበጥ ነው። አውሮፕላኑ ከአብራሪው እየራቀ ሲሄድ መሪውን ወደ ቀኝ መግፋት አውሮፕላኑን ወደ ቀኝ ያዘነብለዋል፤ ዞሮ ወደ አብራሪው ሲመጣ ግን የአውሮፕላኑ ቀኝ ክንፍ በአብራሪው ግራ በኩል ስለሚውል ያው ትእዛዝ ለተመልካቹ ዓይን ወደ ግራ ያስኬደዋል። ጀማሪው ይህን በጭንቅላቱ ለማስላት ሲሞክር ጊዜው ያልፍበታል፤ አውሮፕላኑ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ አብራሪው ሊያቃና ብሎ በተሳሳተው አቅጣጫ ይገፋል፣ ዝንባሌው ይብሳል፣ አብራሪው ደንግጦ አሁንም ይገፋል፣ አውሮፕላኑም ተጠማዝዞ መሬት ይገባል። ነባሮቹ ለዚህ የሚያስተምሩት ዘዴ ቀላል ነው፤ አውሮፕላኑ ፊት ለፊት ሲመጣ መሪውን ዝቅ ብሎ ወደሚታየው ክንፍ አቅጣጫ መግፋት ሲሆን፣ ይህም ያዘመመ አጥርን በወደቀበት በኩል በባላ እንደ መደገፍ ነው። ዘዴው ስሌት አይጠይቅም፤ ልምምዱ ሲበዛም ዘዴው ራሱ ይረሳና ጣት ሳይጠየቅ ያደርገዋል።

ርቀትም ዓይንን ያታልላል። ክንፉ 1.2 ሜትር የሆነ አውሮፕላን ሦስት መቶ ሜትር ያህል ሲርቅ ቀለሙ ይጠፋና ጥቁር ቅርጽ ብቻ ይቀራል፤ በዚህ ጊዜ ሆዱ ይሁን ጀርባው፣ እየሄደ ይሁን እየመጣ መለየት ያቅታል፣ ሰው ደግሞ በእንዲህ ያለ ሁኔታ ማየት የፈለገውን ያያል። ሞዴል ሠሪዎች የክንፉን ላይኛና ታችኛ ገጽ በተለያየ ደማቅ ቀለም የሚቀቡት፣ ከሥሩም ሰፋፊ ጥቁር መስመሮችን የሚያደርጉት ለጌጥ ብቻ ብለው አይደለም። ደመና በሸፈነው ቀን ነጭና ግራጫ አውሮፕላን መጥፎ ምርጫ ነው፣ ፀሐይን ከፊት አድርጎ ማብረር ደግሞ ከዚያ የከፋ ነው። አቅጣጫው የጠፋበት አብራሪ ሁለቱንም መሪዎች ከማወዛወዝ ይልቅ ሞተሩን ቀንሶ አንድ ግልጽ ትእዛዝ መስጠትና ምላሹን ማየት ይበጀዋል፤ ቅርጹ በየት በኩል እንደተንቀሳቀሰ ካየ አውሮፕላኑ ወዴት እንደዞረ ያውቃል።

መሪዎቹ ራሳቸው ከትልቁ አውሮፕላን መሪዎች አይለዩም። በክንፎቹ የኋላ ጠርዝ ላይ ያሉት ኤይለሮን የሚባሉ ተንቀሳቃሽ ሰሌዳዎች አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች እየታጠፉ አውሮፕላኑን ወደ ጎን ያዘነብሉታል፤ በጭራው አግድም ክፍል ላይ ያለው ኤሌቬተር አፍንጫውን ከፍና ዝቅ ያደርጋል፤ ቀጥ ብሎ በቆመው ጭራ ላይ ያለው ራደር ደግሞ አፍንጫውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዞራል። አራተኛው ትእዛዝ ስሮትል፣ ማለትም የሞተሩ ኃይል ነው። እነዚህ አራት ትእዛዞች በማስተላለፊያው ላይ ባሉት ሁለት ዘንጎች ይከፋፈላሉ፤ በአሜሪካ በብዛት የተለመደው አደራደር ስሮትልንና ራደርን ለግራ እጅ፣ ኤሌቬተርንና ኤይለሮንን ለቀኝ እጅ ሲሰጥ፣ በጃፓን ብዙዎች የሚጠቀሙበት አደራደር ግን ስሮትሉን ወደ ቀኝ፣ ኤሌቬተሩን ወደ ግራ ያዛውራል። የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር ማለቂያ የለውም፣ ጥቅምም የለውም፤ ጀማሪ የሚያስተምረው ሰው የሚጠቀምበትን መያዝ ይበቃዋል።

ከጣት እስከ ክንፍ ያለው መንገድ ጥቂት ማብራሪያ ይገባዋል። አብራሪው ዘንጉን ሲገፋ ማስተላለፊያው የዘንጉን ቦታ በቁጥር መልክ በሬዲዮ ሞገድ ይልካል፣ በአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ያለው ተቀባይም ቁጥሩን ሰርቮ ለሚባል የክብሪት ቀፎ ለሚያህል መሣሪያ ያደርሳል። ሰርቮ በውስጡ ትንሽ ሞተር፣ የጥርስ ማርሾችና ክንዱ የት እንደደረሰ የሚለካ ክፍል ያለው ሲሆን፣ ተቀባዩ በተለመደው አሠራር በሰከንድ 50 ጊዜ ያህል የኤሌክትሪክ ምት ይልክለታል፤ ምቱ 1.5 ሚሊ ሰከንድ ከቆየ ክንዱ መሐል ላይ ይቆማል፣ ወደ 1 ሚሊ ሰከንድ ሲያጥር ወደ አንድ ጎን፣ ወደ 2 ሲረዝም ወደ ሌላው ጎን ይዞራል። ክንዱ በቀጭን ሽቦ ከኤይለሮኑ ወይም ከኤሌቬተሩ ጋር ስለተያያዘ የጣት እንቅስቃሴ በመጠን ተቀንሶ ክንፉ ላይ ይደገማል። ከጥገና በኋላ የሰርቮው አቅጣጫ ተገላብጦ መቅረቱ ከተለመዱት የመከስከስ ምክንያቶች አንዱ በመሆኑ፣ ጠንቃቃ አብራሪ ከእያንዳንዱ በረራ በፊት ከአውሮፕላኑ ኋላ ቆሞ መሪውን ወደ ቀኝ ይገፋና የቀኙ ኤይለሮን ወደ ላይ መነሣቱን፣ የግራው መውረዱን በዓይኑ ያረጋግጣል። አሥር ሰከንድ የማይሞላ ሥራ ነው፤ የሚዘለለውም ለዚሁ ነው።

ሞዴል ሰው ከሚሳፈርበት አውሮፕላን ይቀድማል። ፈረንሳዊው አልፎንስ ፔኖ እ.ኤ.አ. በ1871 በፓሪስ የቱይለሪ የአትክልት ሥፍራ በተጠመዘዘ ላስቲክ የሚሠራ፣ ራሱን ሚዛን የሚጠብቅ ትንሽ አውሮፕላን ወደ 60 ሜትር ያህል አብርሮ አሳይቷል፤ የራይት ወንድማማቾች አባት እ.ኤ.አ. በ1878 ለልጆቹ ያመጣላቸው በላስቲክ የሚነሣ መጫወቻም የፔኖን ሥራ ተከትሎ የተሠራ ነበር። እነዚህ ሁሉ ግን አንዴ ከእጅ ከወጡ ማንም የማያዝዛቸው ነበሩ። ኒኮላ ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1898 በኒው ዮርክ በሬዲዮ የሚታዘዝ ጀልባ ለሕዝብ ቢያሳይም፣ የዘመኑ የሬዲዮ ዕቃና ባትሪ ለጀልባ እንጂ ለአውሮፕላን የሚሆን ክብደት አልነበረውም።

ይህን ችግር በትርፍ ጊዜ ሠሪዎች ዘንድ ከፈቱት መካከል ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው ዋልተርና ዊልያም ጉድ የተባሉ አሜሪካውያን መንትዮች ናቸው። አንዱ የሞዴል፣ ሌላው የሬዲዮ ፍቅር የነበራቸው እነዚህ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1937 በሚሺጋን ግዛት በካላማዙ ከተማ «ጋፍ» የተባለውን፣ ክንፉ ወደ 2.4 ሜትር የሚደርስ አውሮፕላን በሬዲዮ እያዘዙ አበረሩ፤ አውሮፕላኑ ዛሬ በስሚዝሶኒያን የአየርና የኅዋ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛል። በዚያ ዘመንና ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ ብዙዎች የተጠቀሙበት የማዘዣ መሣሪያ በተጠመዘዘ ላስቲክ የሚዞር ሆኖ፣ አብራሪው ቁልፍ በተጫነ ቁጥር ራደሩን በተራ ወደ ግራ፣ ወደ መሐል፣ ወደ ቀኝ ያደርገው ነበር፤ ትንሽ ግራ ማለት አይቻልም፣ ሙሉ ግራ ወይም ምንም ነው፣ ተራውን የዘነጋ አብራሪም ወደ ቀኝ ሲጠብቅ ግራ ይመጣበታል። ራደሩ በጣት እንቅስቃሴ ልክ የሚንቀሳቀስበት አሠራር በስፋት የተለመደው ትራንዚስተር ዕቃውን ካቀለለው በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው።

ከዚያ በኋላም አንድ ጣጣ ለዓመታት ቆየ። ማስተላለፊያዎች በተወሰኑ ጠባብ የሞገድ መስመሮች ላይ ይሠሩ ስለነበር፣ ሁለት ሰዎች በአንድ መስመር ላይ በአንድ ጊዜ ማስተላለፊያ ቢከፍቱ በአየር ላይ ያለው አውሮፕላን ከሁለት ሰው ትእዛዝ ተቀብሎ ይከሰከስ ነበር። የክለቦች መፍትሔ የእንጨት ሰሌዳና የልብስ መቆንጠጫ ነበር፤ በእያንዳንዱ መቆንጠጫ ላይ የመስመሩ ቁጥር ይጻፋል፣ መቆንጠጫውን ከሰሌዳው ወስዶ ማስተላለፊያው ላይ ያልሰካ ሰው መክፈት አይፈቀድለትም። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተስፋፋው 2.4 ጊጋ ኸርዝ የተባለው ሞገድ ይህን አስቀረው፤ በዚህ አሠራር እያንዳንዱ ማስተላለፊያ ከራሱ ተቀባይ ጋር አስቀድሞ ይጣመራል፣ ከሌላ የሚመጣውንም ተቀባዩ አይሰማም። ግንኙነቱ ቢቋረጥ እንኳ ተቀባዩ ሞተሩን እንዲያጠፋ አስቀድሞ ይደረጋል። ነባሮቹ አብራሪዎች መቆንጠጫዎቹን ሲያስታውሱ ትንሽ ናፍቆት ቢሰማቸውም ወደዚያ ልመለስ የሚል ግን አይገኝም።

የዚህ ሙያ ቅርንጫፍ ወደ ጦር ሜዳም ደርሷል። እንግሊዛዊው የሆሊውድ ተዋናይ ሬጂናልድ ዴኒ ከትወናው ጎን ለጎን የሞዴል አውሮፕላን ሱቅ ከፍቶ ነበር፤ ከዚያ የተነሣው ሬዲዮፕሌን የተባለው ኩባንያው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለአሜሪካ ጦር የፀረ አውሮፕላን ተኳሾች መለማመጃ የሚሆኑ በሬዲዮ የሚታዘዙ ዒላማ አውሮፕላኖችን በሺዎች እየቆጠረ አመረተ። በዚያ ፋብሪካ ትሠራ የነበረች ኖርማ ጂን የምትባል ወጣት በአንድ የጦር ፎቶ አንሺ ዓይን የገባችው እዚያው ሥራ ላይ ሳለች ሲሆን፣ ዓለም በኋላ ያወቃት ማሪሊን ሞንሮ በሚለው ስም ነው።

በትርፍ ጊዜ ሠሪ የተፈጸመ ትልቁ ሥራ የቱ ነው ቢባል ግን ብዙዎች እ.ኤ.አ. በኦገስት 2003 የሆነውን ያነሣሉ። ሜይናርድ ሂል በሜሪላንድ ግዛት በሲልቨር ስፕሪንግ ይኖር የነበረ ጡረተኛ የብረታ ብረት ተመራማሪ ሲሆን፣ በ77 ዓመቱ፣ ዓይኑ በሕግ እንደ ዓይነ ስውር እስኪቆጠር ድረስ ደክሞ፣ ጆሮውም ከብዶት፣ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ አትላንቲክ ውቅያኖስን የሚሻገር ሞዴል ሠራ። የዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ የሞዴሉን ክብደት ከነነዳጁ ከ5 ኪሎ እንዳይበልጥ ይወስን ስለነበር ነገሩ ሁሉ የግራም ጉዳይ ነበር። ባልሳ ከተባለው ቀላል እንጨት ተሠርቶ በስስ ፕላስቲክ የተሸፈነው አውሮፕላን ከአራት ሊትር ያነሰ ነዳጅ ይዞ ነበር፤ ነዳጁም ለካምፕ ፋኖስ የሚሸጠው ንጹሕ ነዳጅ ነበር። ከዚያ በፊት የተሞከሩት መሰል ሞዴሎች ውቅያኖሱን ሳይሻገሩ ቀርተዋል። ይህኛው ግን ኦገስት 9 ቀን ከካናዳ ኒውፋውንድላንድ ደሴት ከኬፕ ስፒር በሂል እጅ ተነሥቶ፣ ከዚያ በሳተላይት አቅጣጫ ለሚያነብ አውቶፓይለት ተላልፎ፣ ከ38 ሰዓት ከ52 ደቂቃ በኋላ ኦገስት 11 ቀን በአየርላንድ ምዕራባዊ ዳርቻ በክሊፍደን አቅራቢያ ብቅ አለ፤ እዚያ ይጠብቅ የነበረ ባልደረባው በማስተላለፊያ ተቀብሎ አሳረፈው። የተጓዘው 3,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1919 አልኮክና ብራውን የተባሉት ብሪታንያውያን ያለ ማረፍ ውቅያኖሱን ለመጀመሪያ ጊዜ የተሻገሩትም በዚያው መሥመር፣ በዚያው ከተማ አጠገብ አርፈው ነው። አብራሪው ከአውሮፕላኑ ውጭ መሆኑ ከዚህ በላይ ሊገፋ አይችልም፤ ሂል የሠራውን አውሮፕላን ገና ከእጁ እንደወጣ ዓይኑ ሊከተለው አይችልም ነበር።

ሞዴሎች በአብዛኛው የሚሠሩት ከሁለት ዓይነት ነገር ነው። ባልሳ በዋናነት ከኢኳዶር የሚመጣ፣ በቀላልነቱና በጥንካሬው የታወቀ እንጨት ሲሆን፣ በስለት ይቆረጣል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፣ በሱፐር ግሉ ይጣበቃል፤ ከባልሳ አውሮፕላን መሥራት የሳምንታት ሥራ ነው፣ ጣዕሙን ለሚያውቁት ደግሞ ከበረራው አያንስም። ሁለተኛው ፎም፣ ማለትም ለዕቃ ማሸጊያ የምናውቀው ዓይነት ነገር ግን ይበልጥ የሚለመጥና ቶሎ የማይሰበር የተነፋ ፕላስቲክ ነው፤ ተሠርቶ በካርቶን የሚመጣ የፎም አውሮፕላን በአንድ ምሽት ተገጣጥሞ ያልቃል፣ ቢወድቅም በሙጫና በፕላስተር ይታከማል። ለጀማሪ ፎም እንደሚሻል ጥርጥር የለውም፤ የወር ድካም በሦስት ሰከንድ ሲሰበር ማየት ብዙዎችን ከመዝናኛው አስወጥቷል።

ሞዴሉ ከየትኛውም ቢሠራ፣ አንድ ልኬት ፈጽሞ አይዘለልም፤ እርሱም የስበት ማዕከሉ፣ ማለትም አውሮፕላኑ በሁለት ጣት ከክንፉ ሥር ሲደገፍ ሚዛን የሚጠብቅበት ነጥብ ነው። በተለመደ የመለማመጃ አውሮፕላን ይህ ነጥብ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ጀምሮ በክንፉ ስፋት ሩብና ሲሶ መካከል መዋል አለበት፤ ስፋቱ 24 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ክንፍ ይህ ማለት ከፊት ጠርዝ ከ6 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ባለው ቦታ ነው። አፍንጫው የከበደ አውሮፕላን ዝግ ያለና ታዛዥ ያልሆነ ይሆናል፣ ጭራው የከበደ ግን ኤሌቬተሩ በትንሽ ነካ ስለሚያስፈነጥረው ከአንድ ደቂቃ በላይ በአየር ላይ የሚቆየው በዕድል ነው። ባትሪውን ሁለት ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት መግፋት አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 በወጣው «ዘ ፍላይት ኦፍ ዘ ፊኒክስ» በተባለው ፊልም በበረሃ የወደቁ ሰዎች ከስባሪው አዲስ አውሮፕላን እንዲሠሩ የሚመራቸው መሐንዲስ የሞዴል አውሮፕላን ነዳፊ ብቻ መሆኑን ሲያውቁ ይደነግጣሉ፤ እርሱ ግን አብራሪ የሌለው ሞዴል ስሕተቱን የሚያርምለት ሰው ስለሌለ ይበልጥ በትክክል መነደፍ አለበት ባይ ነው። ለሬዲዮ ሞዴል ነገሩ በከፊል ብቻ ይሠራል፣ በስበት ማዕከል ጉዳይ ግን ሙሉ በሙሉ እውነት ነው።

ሞተሩን በተመለከተ ለብዙ ዓመታት የነገሠው በሜታኖል፣ በዘይትና በጥቂት ናይትሮሜቴን ቅልቅል የሚሠራው ትንሽ ሞተር ነበር፤ ካንዴላው እንደ መኪና ካንዴላ ብልጭታ አያወጣም፣ በውስጡ ያለው የፕላቲነም ሽቦ ጥቅል ከሜታኖሉ ጋር ሲገናኝ ግሎ ይቆያልና ነዳጁን ራሱ ያቀጣጥላል። ድምፁ ይጮኻል፣ አውሮፕላኑን በዘይት ያጨማልቃል። ዛሬ አብዛኛው ጀማሪ የሚይዘው የኤሌክትሪክ ሞተርና ሊቲየም ፖሊመር፣ በአጭሩ ሊፖ የሚባለውን ባትሪ ነው። የሊፖ አንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል፣ ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ደግሞ ይበላሻል፤ ሦስት ሴል ያለው 2,200 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ሞተሩ በአማካይ 15 አምፒር ቢወስድ ወደ ዘጠኝ ደቂቃ ገደማ ያስበርራል፣ ልባም ሰው ግን በስድስተኛው ደቂቃ ያሳርፋል። ያበጠ፣ የተወጋ ወይም በመውደቅ የተጎዳ ሊፖ እሳት ሊያነሣ ስለሚችል ለእሱ በተሠራ ቻርጀር፣ ሰው ባለበት፣ ከሚቀጣጠል ነገር ርቆ መሞላት አለበት፤ ለሳምንታት የማይበር ከሆነም በሴል 3.8 ቮልት ገደማ ላይ ይቀመጣል።

ትምህርቱ ከሜዳ ይልቅ በኮምፒዩተር ላይ ቢጀመር ገንዘብ ይቆጥባል። ሲሙሌተር የሚባለው ፕሮግራም እውነተኛውን ማስተላለፊያ ከኮምፒዩተር ጋር አገናኝቶ የሚያለማምድ ሲሆን፣ የግራና የቀኙ መገላበጥ ያለ ኪሣራ የሚለመደው እዚያ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው የአስተማሪና የተማሪ ማስተላለፊያ ነው፤ ሁለቱ ማስተላለፊያዎች ይያያዙና አስተማሪው አንድ ቁልፍ ይዞ ሳለ ተማሪው ያበርራል፣ ቁልፉን በለቀቀ ቅጽበት አውሮፕላኑ ወደ አስተማሪው እጅ ይመለሳል። የመጀመሪያው አውሮፕላን ክንፉ ከላይ የተቀመጠ፣ ጫፎቹም ወደ ላይ ቀና ያሉ መሆን ይገባዋል፤ እንዲህ ያለው ክንፍ አውሮፕላኑ ሲያዘነብል ራሱን የማቃናት ዝንባሌ አለው። ከፍታ የጀማሪ ወዳጅ ነው፤ ስሕተት የሚታረመው ከሥሩ አየር እስካለ ድረስ ነውና። ከባዱ ማሳረፍ ነው፤ ሁልጊዜ ነፋሱን ፊት ለፊት በመግጠም ይደረጋል፣ ጀማሪዎች ሜዳው ሊያልቅ ነው ብለው አፍንጫውን ያለ ጊዜው ቀና ያደርጋሉ፣ ፍጥነቱ ይሞትና አንደኛው ክንፍ ይወድቃል።

እዚህ ላይ ለደጋ አገር ሰው የሚሆን አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአምስተኛ ያህል ይሳሳል። ክንፉ ያንኑ ክብደት ለመሸከም በባሕር ዳርቻ ከሚያስፈልገው ፍጥነት ከመቶ 12 ያህል ጨምሮ መሄድ አለበት ማለት ነው፤ በማረፊያ ጊዜ አውሮፕላኑ ከሚጠበቀው በላይ ፈጥኖ ይመጣል፣ መሬትን የሚነካበት ጉልበትም በሩብ ያህል ይበልጣል። ነዳጅ የሚያቃጥል ሞተር ኦክስጅን ስለሚያንሰው ኃይሉ ይቀንሳል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ይህ ጉዳት ባይደርስበትም ፕሮፔለሩ የሚገፋው አየር ስስ ስለሆነ አንድ ቁጥር ሰፋ ያለ ፕሮፔለር መምረጥ፣ የሞተሩን ሙቀትም እየነኩ ማየት ያስፈልጋል። በማኑዋሉ ላይ የተጻፈው ሁሉ ለቆላ የተጻፈ ነው ብሎ መጀመር ብዙ ፎም ያድናል።

ሞተሩ ጭራሽ የሌለበት ወገንም አለ። ግላይደር የሚባሉት ሞዴሎች በፀሐይ ከሞቀ መሬት በሚነሣ አየር ወይም ከተራራ ጋር ተጋጭቶ ሽቅብ በሚወጣ ነፋስ ለረጅም ጊዜ ይንሳፈፋሉ። ከእነዚህ መካከል አልባትሮስ የተባለው የባሕር ወፍ የሚያደርገውን የሚከተሉ አሉ፤ ከተራራ ጀርባ ነፋሱ በሚበረታበትና ጸጥ በሚልበት አየር መካከል እየተሽከረከሩ በየዙሩ ከነፋሱ ፍጥነት ይሰርቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 በካሊፎርኒያ ተራራ ላይ አንድ እንዲህ ያለ ሞተር አልባ ሞዴል በሰዓት ከ880 ኪሎ ሜትር በላይ ተለክቷል፤ የመንገደኞች ጄት ከሚጓዝበት የማይርቅ ፍጥነት ነው።

ሕጉን በሚመለከት ሞዴል አውሮፕላኖች ዛሬ በብዙ አገር ከድሮን ጋር በአንድ ደንብ ሥር ወድቀዋል፤ በድሮን ብዛት የመጣ ጥብቅነት ለአሥርት ዓመታት በሰላም ያበረሩትን ሰዎች እንደጎዳ አለመናገር ፍትሐዊ አይሆንም። በኢትዮጵያ ሰው አልባ በራሪ ለማስገባትም ሆነ ለማብረር ከሚመለከታቸው የመንግሥት አካላት አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ከውጭ ለልጅ ስጦታ ገዝቶ በሻንጣ ይዞ የሚመጣ ዘመድ አስቀድሞ ማጣራት አለበት። በአሜሪካ ለመዝናኛ የሚያበርር ሰው ነፃ የሆነውን የደኅንነት ፈተና ይወስዳል፣ ከ250 ግራም በላይ የሚመዝን አውሮፕላን ካለው ይመዘገባል፣ ቁጥጥር በሌለበት የአየር ክልል ከ400 ጫማ፣ ማለትም ከ120 ሜትር ገደማ በላይ ሳይወጣ በዓይኑ እያየ ያበርራል። በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ግን ተጨማሪ ጣጣ አለባቸው። በሬገን አየር ማረፊያ ዙሪያ በ15 ማይል ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ማብረር የተከለከለ ሲሆን፣ ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም በዚህ ክልል ውስጥ ይወድቃሉ፤ ከ15 እስከ 30 ማይል ባለው ቀለበት ውስጥ ደግሞ በተወሰኑ ደንቦች ይፈቀዳል። ስለዚህ በዚያ የሚኖር ጀማሪ መኪናውን አስነሥቶ ወደ ገጠሩ መውጣት፣ ከከተማ ራቅ ያለ ሜዳ ያለውን ክለብ መፈለግ ይኖርበታል፤ ብዙ ክለቦች ደግሞ ገና ምንም ላልገዛ እንግዳ የተማሪውን ማስተላለፊያ አስይዘው የሚያስበርሩ ነባር አባላት አሏቸው።